ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ ሰዓቱ ግን ዋጋ አለው

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቪዥዋል ኢፌክት ተማሪዎችን ቡድን በመወከል በማኅበሩ የሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ሰባቱ አባላት ስለሚማሩት ቪዥዋል ኢፌክት ስንናገር አንዲት እናታችን ተነሥተው፣ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? የሚበላ ነው የሚጠጣ?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን ትክክለኛ ነው። የማኅበሩ ገንዘብ በየወሩ ከእያንዳንዳችን መቀነት የሚፈታ ነውና ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ መብታችን ነው። ስለዚህ ዛሬ ሙያው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደምንማረውና ምን እንድትወስኑልን እንደምንፈልግ በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

አንድ ድራማ እናስብ። ታሪኩ በንጉሡ ዘመን የሚፈጸም ነው። ሲቀረጽ ግን ከተዋናይዋ ጀርባ የመብራት ምሰሶ፣ የሳተላይት ዲሽና በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ይታያል። ያንን ሁሉ ከምስሉ ላይ አጥፍቶ በምትኩ ሰማይና ዛፍ ማስገባት ቪዥዋል ኢፌክት ይባላል። ተዋናዩ ስልኩን ሲከፍት የምናነበው መልእክትም ብዙ ጊዜ ከቀረጻ በኋላ የተጨመረ ነው። ቤት ሳይቃጠል ጭሱ እንዲታይ ማድረግ፣ ሃምሳ ሰው ቀርጾ አምስት መቶ ማስመሰል፣ የፈረሰን ቤት ቆሞ ማሳየት፣ ሁሉም የዚህ ሙያ ሥራ ነው። ጥሩ የተሠራው ደግሞ አይታወቅም። ልክ እንደ ጥሩ ጥገና ነው፤ የተቀደደው ቀሚስ ተሰፍቶ ማንም «የት ጋ ነበር የተቀደደው?» ብሎ ካልጠየቀ ሰፊዋ ሥራዋን ሠርታለች።

ሥራው እንዴት ይሠራል? የሚንቀሳቀስ የሚመስለን ፊልም በተርታ የሚያልፉ የቆሙ ፎቶዎች ነው። ለሲኒማ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 24፣ በእኛ ቴሌቪዥን ደግሞ 25 ፎቶ ያልፋል። እያንዳንዱ ፎቶ ፍሬም ይባላል። እንግዲህ የአራት ሰከንድ ትዕይንት 100 ፍሬም አለው ማለት ነው። ተዋናይዋን ከጀርባዋ ለመለየት ዙሪያዋን በመስመር መከተል ያስፈልጋል፤ ይህ ሥራ ሮቶ ይባላል። ለአንዱ ፍሬም ሦስት ደቂቃ ቢፈጅብን ለ100ው 300 ደቂቃ፣ አምስት ሰዓት ይሆናል። ተመልካቹ አራት ሰከንድ አይቶ ያልፋል። እኛ አምስት ሰዓት ተቀምጠንበታል። ይህን ቁጥር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የተለየው ነገር ሁሉ ደግሞ በድርብ በድርብ ይቀመጣል። ተዋናይዋ በአንድ ድርብ፣ ሰማዩ በሌላ፣ ጥላዋ በሌላ። ከዚያ ቀለማቸውና ብርሃናቸው እንዲስማማ ተደርጎ አንድ ምስል ይሆናሉ። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከካዛንቺስ ጥቂት ወረድ ብሎ በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥራ ብዙዎቻችን በፎቶ እንኳ አይተነዋል። 150 ካሬ ሜትር ይሰፋል። እያንዳንዱ መስታወት ለብቻው ቀለም ያለው ቁራጭ ነው፤ ተገጣጥሞ ብርሃን ሲያልፍበት ግን አንድ ታላቅ ሥዕል ይሆናል። እኛም በኮምፒውተር የምንሠራው የመገጣጠም ሥራ ነው።

«ይህ የሴት ሥራ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄም ደርሶናል። እ.ኤ.አ. በ1926 ሎተ ራይኒገር የተባለች ጀርመናዊት ጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሰችና እያስነሣች «የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች» የተባለውን ሙሉ ፊልም ሠራች። ሦስት ዓመት ያህል ፈጅቶባታል። እስከ ዛሬ ተጠብቀው ከቆዩት ረጃጅም የአኒሜሽን ፊልሞች ሁሉ ቀዳሚው የእርሷ ነው። መሣሪያዋ መቀስ ነበር። ሆኖም በዚህ ሙያ ሴቶች በሽልማት መድረክ ላይ የታዩት ጥቂት ናቸው። ሳራ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ2016 «ኤክስ ማኪና» በተባለው ፊልም ከቡድኗ ጋር የኦስካርን የቪዥዋል ኢፌክት ሽልማት ስትቀበል፣ ከእርሷ በፊት ይህን ሽልማት የወሰደች ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርሷም በ«ኤሊየንስ» ፊልም የተሸለመችው ሱዛን ቤንሰን ናት። በሌላውም ዓለም ቢሆን በሩ ለሴቶች ተከፍቶ አልጠበቀም።

በአገራችን ደግሞ የወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡን ሥራ ልጆቻችን ያውቁታል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከባለቤታቸው ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሥርተው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት ፕሮግራም ከቤታቸው መሥራት ጀመሩ። ፀሐይ የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። ያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም አቀፉ የጃፓን ፕራይዝ ውድድር ተሸለመ። ቆይቶም ይኸው ድርጅት «ጥበብ ገርልስ» የሚባል አኒሜሽን አወጣ። በእርሱ ውስጥ ልጃገረዶች ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ጎጂ ልማዶችን ይታገላሉ። በጥሩ ስቱዲዮና በብዙ ገንዘብ አልተጀመረም። አንዲት አስተማሪ ልጆች ምን እንደሚያስፈልጋቸው አውቃ ነው የተነሣችው።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ ይህኛው ለሒሳብ ሠራተኛ ደስ የሚል ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በኒው ዮርክ የሚኖረው ሠዓሊ እዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሒሳብ» የተባለ አጭር አኒሜሽን ሠርቷል። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ ይሳፈራሉ። አህያ ከፍላ ወረደች፤ ለዚህ ነው መኪና ሲመጣ ከመንገድ የማትነቃነቀው። ውሻ መልሱን አልተሰጠውም፤ ለዚህ ነው መኪና የሚያሳድደው። ፍየል ሳትከፍል አመለጠች፤ ለዚህ ነው መኪና ስታይ የምትሸሸው። ሠዓሊው ይህን የታክሲ ጨዋታ ሥዕል ላይ ሥዕል እየደረበ ፍሬም በፍሬም አንቀሳቀሰው። ከዚህ የምንረዳው፣ የምንናገረው ታሪክ በእጃችን እንዳለ ነው። የጎደለው ታሪኩን በምስል የማንቀሳቀስ ሙያ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው አንዳንድ ሶፍትዌሮች በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልባቸው ናቸው። ለዚያ የሚሆን ካርድ አብዛኞቻችን የለንም። ክራክ የተደረገ ቅጂ በየቦታው ይገኛል፤ ነገር ግን ማኅበራችን ለደጋፊዎቹ ሪፖርት የሚያቀርብ ስለሆነ በተሰረቀ ዕቃ ሙያ አናስተምርም። የመረጥነው ብሌንደር የተባለውን ነው። ለቀረጻ ቅንብርና ለቀለም ደግሞ የዳቪንቺ ሪዞልቭን ነፃ ቅጂ እንጠቀማለን።

የብሌንደር ታሪክ የእቁብ ታሪክ ይመስላል። ቶን ሮሰንዳል የተባለ ሆላንዳዊ የሠራው ሶፍትዌር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ገንዘብ ያዋጡት ባለሀብቶች ድርጅቱን ሲዘጉ ሶፍትዌሩም አብሮ ሊቀበር ደረሰ። 100,000 ዩሮ ከተከፈለ ግን ለሁሉም ሰው ነፃ ሊሆን እንደሚችል ተስማሙ። በየአገሩ ያሉ ተጠቃሚዎች ከየኪሳቸው አዋጥተው በሰባት ሳምንት ገንዘቡን ሞሉት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ማንም ሰው ያለ ክፍያ አውርዶ ይጠቀምበታል። «ፍሎው» የተባለው የላትቪያ ፊልም በብሌንደር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2025 የዓመቱ ምርጥ ረጅም አኒሜሽን ተብሎ ኦስካር ወስዷል። እንግዲህ በእጃችን ያለው መሣሪያ የድሃ መለማመጃ አይደለም።

ትምህርቱን እንዴት ይዘነዋል? በሳምንት ሦስት ምሽት፣ በአንድ ኮምፒውተር፣ በተራ ነው። አንዷ ትሠራለች፣ ሁለቱ ከጎኗ ሆነው ያያሉ፤ ቀሪዎቹ በደብተር ላይ ፍሬም ይቆጥራሉ፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ በእርሳስ ይሥላሉ። የኢንተርኔቱ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንዷ አስቀድማ አይታ በአማርኛ ታስረዳለች።

ከውጭ የመጣው ትምህርት የማይነግረን፣ ራሳችን ያገኘነውም አለ። ለምሳሌ አረንጓዴ መጋረጃ ፊት የሚቀረጽ ሰው ጀርባው በቀላሉ ይነሣል፤ ኮምፒውተሩ አረንጓዴውን ሁሉ ስለሚያጠፋው ነው። ተዋናይዋ አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚስ ከለበሰች ግን ጥለቱም አብሮ ይጠፋና ቀሚሱ የተበሳ ይመስላል። ስለዚህ የአገር ልብስ ሲሆን ሰማያዊ መጋረጃ እንዲዘረጋ ከቀረጻው በፊት ማሳሰብ ያስፈልጋል። ነጠላም የራሱ ጣጣ አለው። ስስ ስለሆነ ጀርባው በውስጡ ያልፋል፤ እንደ ወፍራም ጨርቅ ዙሪያውን ብቻ ብንቆርጠው የድሮው ግድግዳ በነጠላው ውስጥ ይቀራል። ሹሩባ የተሠራ ፀጉር ለመለየት ይቀላል፣ የተበተነ ፀጉር ግን ብዙ ሰዓት ይበላል። እነዚህን ነገሮች ነጠላ ለብሳ ያደገች፣ ፀጉር የሠራች ሴት ቶሎ ታያቸዋለች። ጥልፍ የሚጠልፉት አባላችን ከሁላችን ቀድመው ሮቶ የለመዱት በአጋጣሚ አይደለም። ዓይናቸውም ትዕግሥታቸውም ተዘጋጅቶ ነበር።

መብራትም አለ። የተሠራውን ምስል ኮምፒውተሩ አስልቶ እንዲያወጣው ማድረግ ሬንደር ይባላል። አንዱ ፍሬም ስድስት ደቂቃ ቢፈጅ 100 ፍሬም አሥር ሰዓት ነው። በመሃል መብራት ቢጠፋስ? ሥራው በአንድ የቪዲዮ ፋይል እንዲወጣ ከታዘዘ ያለፈው ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። እያንዳንዱ ፍሬም ለየብቻው ፎቶ ሆኖ እንዲቀመጥ ከታዘዘ ግን የሚጠፋው በእጅ ላይ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ መብራት ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። ይህ ዘዴ ምንም ወጪ የለውም።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈራችን ጥቂት እንበል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሠራው ድርጅት ምኅጻረ ቃል እንደሆነ ይታወቃል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሰፊው የሰፈሩ ክፍል ፈረሰ። ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ ገላን ጉራ ገቡ፣ ሌሎቹ ቂርቆስ ውስጥ ዘመድ ጋ ተጠጉ፣ የቀሩትም አሉ። ጀበና ይዘው በቢሮዎች በር ላይ ቡና ያፈሉ የነበሩት፣ ለሠራተኛ ምሳ ያቀርቡ የነበሩት ደንበኞቻቸውን አጡ። ደንበኛ ተሸክሞ አይኬድም።

ለልምምድ ምን እንሥራ ስንባባል አንዷ አባላችን ከመፍረሱ በፊት ቤታቸው በረንዳ ላይ የተነሡትን የልጇን የክርስትና ፎቶ አመጣች። በረንዳውን በብሌንደር ሠራነው። የእንጨቱን አጥር፣ የቆርቆሮውን ዝገት፣ የደረጃውን ስንጥቅ። እናቷ መጥተው አዩና፣ «በሩ በግራ ነው የሚከፈተው፤ የጎረቤቴም ጣሪያ ከእኛ ዝቅ ይላል» ብለው አረሙን። አረምነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሎችም ፎቶ እያመጡ ነው። ወደፊት የድሮውን ካዛንቺስ በፊልሙ ውስጥ ማሳየት የሚፈልግ ዳይሬክተር ሰፈሩን በኮምፒውተር ማሠራት ግድ ይሆንበታል። በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት የምናውቀው እኛ ነን። ይህ እውቀት ደግሞ ቤት ሲፈርስ አይፈርስም፤ ገላን ጉራም ተይዞ ይኬዳል።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ። ሳንሸፋፍን እንናገር፤ እስካሁን ከዚህ ሥራ የገባው ገንዘብ የወጣውን አልሸፈነም። የሠራናቸው ለሙዚቃ ክሊፕና ለማስታወቂያ የሚሆኑ ትናንሽ ሥራዎች ናቸው፤ ምልክት ማጥፋት፣ የስልክ ስክሪን መሙላት፣ ሰማይ መቀየር። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አባል ዛሬ ጋግራ ዛሬ ታገኛለች። ይህ ሙያ እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ማንም እንጀራዋን ትታ ወደዚህ ትምጣ አንልም።

አንድ አሠሪም «ለሙከራ» ብሎ ያሠራንን ሥራ ተጠቅሞበት ሳይከፍለን ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ሥራ የሚሆን ደንብ አወጣን። ውል በጽሑፍ ይሁን። የፍሬሙ ብዛት ይቆጠርና በውሉ ላይ ይስፈር። ቅድመ ክፍያ ሳይገባ ሥራ አይጀመር። ለናሙና የሚላከው ምስል ላይ ስማችን በግልጽ ይጻፍበት፤ ንጹሑ የሚላከው ቀሪው ሲከፈል ነው። እርማት ስንት ጊዜ እንደሆነ ይወሰን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዋጋ አለው። ደረሰኝ በማኅበሩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይቆረጥ። ይህን ደንብ ሌሎች የሥራ ቡድኖቻችንም፣ ስፌትም ሆነ ምግብ ዝግጅት፣ እንዲጠቀሙበት ሰጥተናል።

«ኮምፒውተሩ ራሱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራዋል እየተባለ አይደል? ለምን ትደክማላችሁ?» ያሉንም አሉ። እውነት አላቸው፤ ሮቶን በከፊል በራሱ የሚሠራ መሣሪያ መጥቷል። እኛም ሞክረነዋል። ወፍራም ጃኬት የለበሰ ሰው ላይ ጊዜ ያቆጥባል። የነጠላ ጫፍና የተበተነ ፀጉር ላይ ሲደርስ ይሳሳታል፤ የተሳሳተውን የሚያርም ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ መስመር በመከተል ብቻ አንቁም፣ ብርሃንን፣ ቀለምንና ቅንብርን እንማር ብለን ትምህርቱን አስፍተነዋል። አሥር ዓመት ያበላል ብለን ግን ቃል አንገባም።

አሁን ያያዝናችሁን ቁጥር እንመልስ። አራት ሰከንድ፣ አምስት ሰዓት። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ትምህርቱም ብዙው በነፃ ይገኛል። ውድ የሆነው ሰዓት ነው። ወንድ ልጅ ማታ ስቱዲዮ አድሮ ይማራል፤ ማንም «የት አደርክ?» አይለውም። እኛ ልጅ አለን፣ ከገላን ጉራ የሚመለስ መንገድ አለን፣ ሲመሽም የምንፈራው አለን። ደብተራችንን ስናገላብጥ ከትምህርቱ የቀሩ አባላት ከባድ ሆኖባቸው የቀሩ አይደሉም። ልጅ የሚይዝላቸው አጥተው ወይም ትራንስፖርት አጥተው ነው የቀሩት።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሥልጠና ክፍያና ምስክር ወረቀት አይደለም። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ ኮምፒውተር ከዩፒኤስ ጋር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የኮምፒውተር ዋጋ እንዴት እንደሄደ ታውቃላችሁ፤ ብቻችንን አንችለውም። ሁለተኛ፣ በሦስቱ ምሽቶች ልጆቻችንን የምትይዝ አንዲት አባል ትመደብልን፤ ክፍያዋም ከፈንዱ ይሁን፤ ይህ ለእርሷም ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ከሩቅ ለሚመጡት የትራንስፖርት ድጎማ። በምላሹ ቡድኑ ከሚያገኘው ከእያንዳንዱ ክፍያ አንድ አምስተኛውን ለፈንዱ ይመልሳል፤ ሒሳቡ በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። ዓመት ሞልቶ ገቢው ወጪውን ወደ መሸፈን ካልተጠጋ፣ ኮምፒውተሮቹ የማኅበሩ ንብረት ናቸውና ለሌላ ሥራ እንዲውሉ ጉባኤው ይወስን። ይህንን በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ራሳችን እንጠይቃለን።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ፤ ያገለገለ ኮምፒውተር ልትሰጡን ለምታስቡ፣ የቢሮ ላፕቶፕ ለመለማመጃ ይሆናል፣ ሬንደር ለማድረግ ግን ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገዋል። ገንዘብ ባይኖራችሁ በሙያው ያለ ሰው ብታውቁ በወር አንድ ጊዜ ሥራችንን አይቶ ስሕተታችንን የሚነግረን አገናኙን። የሚያሞግሰንን ሳይሆን የሚያርመንን።

እናታችን «የሚበላ ነው የሚጠጣ?» ብለው ለጠየቁን፤ ገና አልበሰለም እናቴ፣ ተጥዷል። እንጨቱን አብረን እንድናቀርብ ነው የመጣነው። ውሳኔው የጉባኤው ነው። ጥያቄ ካላችሁ የሒሳብ መዝገቡ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ኑና ተመልከቱት።